ጠያቂዎቻቸውን የሚሸኙት በሽተኛ

ሰው ተኝቶ ማየት አልወድም። ነርስ ሆኜ እንዲህ ማለቴ ያስቃል፤ ግን እውነቴን ነው። ትኩሳት ያለበት ይተኛ፣ አጥንቱ የተሰበረ ይተኛ፣ አራስ ትተኛ። ወገቤን አመመኝ ብሎ ዓመት ሙሉ ፍራሽ ላይ የሚውል ሰው ሳይ ግን ደሜ ይፈላል። እናቴ «አንቺ ልጅ፣ ከአንቺ ቀድሞ ቁጣሽ ነው ቤት የሚገባው» ትለኝ ነበር። ባሌ ሮቤ የተመደብኩትም ይህንኑ ጠባዬን ይዤ ነው።

መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመታት አልፈው ነበር። በየቢሮው ደብዳቤው ሁሉ በኦሮምኛ መጻፍ ጀምሯል። ከሸዋ የመጣሁት እኔ ግን ከ«አካም ቡልቴ»፣ ከእንዴት አደርሽ ወዲያ መሻገር አቅቶኝ፣ ጤና ጣቢያ ውስጥ የሥራ ባልደረባዬን አስተርጓሚ አድርጌያት እውል ነበር። የተከራየሁት ክፍል ወደ ጎባ ከሚወስደው መንገድ ትንሽ ገባ ያለ ግቢ ውስጥ ነው። የግቢው ባለቤት አንዲት ሙስሊም እናት ናቸው። ሰፈሩ ሁሉ «አዮ» ይላቸዋል፤ እናት እንደማለት ነው። እኔም በሳምንቴ አዮ ማለት ጀመርኩ። አብሯቸው የሚኖረው ልጃቸው ስንዴ ነጋዴ ሲሆን አንድ ጋሪና አንድ ወፍራም ፈረስ ነበረው።

አዮ በደህናው ጊዜ ቅቤ ነጋዴ ነበሩ፤ አማርኛውንም የለመዱት ገበያ ላይ ነው። በማለዳ ተነስተው በእግራቸው ጎባ ድረስ ሄደው፣ ገበያ ውለው፣ በእግራቸው ይመለሱ እንደነበር የማያወራልኝ ሰው አልነበረም። እኔ ስደርስ ግን ወገባቸውን ከያዛቸው ሦስተኛ ዓመቱ ነው። ተመርምረዋል፤ ራጅም ተነስተዋል። ሐኪሙ «አጥንትዎ ደህና ነው፤ መተኛት ይብስብዎታል፤ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ በእግርዎ ይሂዱ» ብሎ አሰናብቷቸዋል። እሳቸውም ቤታቸው ገብተው ተኙ።

መጀመሪያ ስንፍና መስሎኝ ነበር። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ። ነገሩ የገባኝ ውሎ አድሮ ነው፤ አዮ የሚተኙት ጠያቂ ስለሚመጣ ነው።

በዚያ አገር በሽተኛ መጠየቅ እንደ ቀላል የሚታይ ነገር አይደለም። ከጎባ የሚመጣ አለ። ከሪራ ዳገቱን ሁሉ ወጥቶ የሃረናን ማር በቅል ይዞ የሚመጣ አለ። አንዷ ወተት ትይዛለች፣ ሌላዋ ከገብስ ዱቄትና ከቅቤ የተለወሰ ጩኮ ትይዛለች። እንግዲህ ይህን ሁሉ ተሸክሞ የመጣ ሰው በሽተኛዋን ግቢ ውስጥ ሲንጎራደዱ ቢያገኛቸው ምን ይላል? «ሳይታመሙ ወተቴን ጠጡ» ሊል ነው። ስለዚህ አዮ ማልደው ፊታቸውን ይታጠባሉ፣ ሻሻቸውን ያስተካክላሉ፣ ጋቢያቸውን ለብሰው በወግ ይተኛሉ። ጠያቂው ገብቶ ዙሪያውን ይቀመጣል፤ «ረቢ ይማርዎ» ይላል፤ እሱም በተራው ይመረቃል። አንዱ ሲወጣ ሌላው ይገባል። እንዲህ ሆኖ ሦስት ዓመት አለፈ።

አንድ ከሰዓት በኋላ ጨው ልበደር ብዬ ስገባ አልጋቸው ላይ ተቀምጠው ሶላት እየሰገዱ ደረስኩ። በር ላይ ቆሜ ጠበቅኳቸው። ሲጨርሱ ፊታቸው በእንባ ርሷል። «አመመዎት?» አልኳቸው።

«ሕመሙንስ ለምጄዋለሁ» አሉኝ። «ኢማሙ ለታመመ ሰው ተቀምጦ መስገድ ይፈቀዳል ብለውኛል፤ አልሐምዱሊላህ። ግን ልጄ፣ ግንባሬ መሬት ከነካ ሦስት ዓመቱ ነው። መሬት ናፈቀኝ። እንዲህ ሳልነካት ልገባባት ነው።»

 እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ ስግደትን ግን አውቃለሁ። እናቴ በሁዳዴ ስትሰግድ መሬቱን እንዴት እንደምትስመው አውቃለሁ። ጨዉን ረስቼ ወጣሁ። ክፍሌ ገብቼ ስንጎራደድ አመሸሁ፤ ይህችን ሴትዮ መሬት ሳላስነካ ከዚህ አገር አልወጣም ብዬ ለራሴ ማልኩ።

በማግስቱ የሠራሁትን ሳስበው ዛሬም ፊቴን ያቃጥለኛል። የዕረፍት ቀኔ ነበር። በሩ ላይ ቆምኩና የመጣውን ሁሉ መለስኩ። «ከዛሬ ጀምሮ አዮን መጠየቅ አይቻልም። በቃ!» አልኩ። ወተት ይዘው የመጡ ሁለት ሴቶች ዓይን ለዓይን ተያዩ። አንዷ በኦሮምኛ አንድ ነገር ጠየቀችኝ፤ አልገባኝምና ራሴን በአሉታ ነቀነቅሁ። አፏን በሻሿ ይዛ ሄደች። እኔ ደግሞ ድል ያደረግሁ መስሎኝ በሩን ዘጋሁት።

የጠያቂ በር የሚዘጋበት በሽተኛ በዚያ ከተማ አንድ ዓይነት ብቻ መሆኑን ማን ነግሮኝ!

በነጋታው ገና ማለዳ ነው፤ የጋሪ ድምፅ ቀሰቀሰኝ። ወጥቼ ሳይ ግቢው በር ላይ ሰው ተሰብስቧል። ሽማግሌዎች ከዘራቸውን ተደግፈው አንገታቸውን ደፍተዋል። ጎረምሶች የድንኳን እንጨት ከጋሪ ላይ ያወርዳሉ። የአዮ የወንድማቸው ሚስት ከጎባ በመጀመሪያው መኪና መጥታ፣ ጉልበቷን እየመታች «አዮ ኮ! አዮ ኮ!» ትላለች፤ እናቴን ማለቷ ነው። ልጃቸው ማታ ለስንዴ ጉዳይ ወጥቶ ሌላ ቦታ አድሮ ኖሮ፣ ወሬውን መንገድ ላይ ሰምቶ እየሮጠ ደረሰ። ፊቱ አመድ መስሏል። ሁሉም እኔን ያየኛል። ነርሷ እኔ፣ በሩን የዘጋሁትም እኔ።

ያኔ ከኋላዬ የአዮ በር ተከፈተ።

ግድግዳውን በአንድ እጃቸው ይዘው ወጡ። ሌላውን እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገዋል። ደረጃውን በጎን ወረዱት። ግቢውን እግራቸውን እየጎተቱ፣ ሁለት ጊዜ ቆም ብለው ትንፋሻቸውን እየሰበሰቡ አቋረጡት። ማንም ሊይዛቸው አልደፈረም፤ ሁሉም ደርቆ ቀርቷል። በሩ ጋ ደርሰው መቃኑን ጨበጡና «ማን ነው የሞተው?» አሉ።

 በመጨረሻ አንድ ሽማግሌ ኮፍያቸውን አስተካክለው «አዮ፣ እርስዎ ነዎት እኮ» አሉ።

እንደዚያ ያለ ሳቅ ከዚያ በፊትም ከዚያ ወዲህም ሰምቼ አላውቅም። ለቅሶ የመጣ ሰው ሲስቅ ሆዱን ይዞ ነው የሚስቀው። የወንድማቸው ሚስት እያለቀሰች ትስቃለች። ልጃቸው እግራቸው ሥር ተቀምጦ ጉልበታቸውን ይዞ ቀረ። እኔ ብቻ ነኝ የምገባበት የጠፋኝ።

ከዚያ የሆነው ነው ዕድሜ ልኬን የሚደንቀኝ። ለቀስተኛው ሻይ ጠጥቶ መሄጃው ሲደርስ፣ አዮ ተኝተው ሊሰናበቱት አልቻሉም፤ ቆመው ታይተዋላ! ቆሞ የሚታይ ባለቤት ደግሞ እንግዳውን ሳይሸኝ መቅረት ነውር ነው። የወንድማቸው ሚስት ስትነሳ አዮም ተነሱ። «ይመለሱ» ትላለች። «አልመለስም» ይላሉ። «በአላህ ይመለሱ!» «ትንሽ ልራመድ!» እየተባባሉ ከበሩ ወጡ። መንገዱ ዳር ያለችውን የመጀመሪያዋን የመብራት ምሰሶ ደርሰው ምሰሶዋን ይዘው ቆሙ። ከዚያ የወንድማቸው ሚስት «ብቻዎን አይመለሱም» ብላ እስከ በሩ መልሳ ሸኘቻቸው።

በሩ ላይ ቆሜ አፌን ከፍቼ አየሁ። እኔ ወግ ልሰብር ስታገል፣ ሌላ ወግ መጥቶ ሴትዮዋን ከአልጋቸው አንስቷቸዋል።

ማታ ገብቼ ይቅርታ ጠየቅኳቸው። «ገድለሽ ባታስነሺኝ አልነሳም ነበር» ብለው ሳቁብኝ። እኔም የሐኪሙን ትእዛዝ በአዲስ መልክ አቀረብኩላቸው። ጠያቂ ይምጣ፤ ግን ተኝተው አይቀበሉት፤ ሲወጣም ይሸኙት። አዮ ትንሽ አሰቡና «ይህንንማ አንቺ ሳታስተምሪኝ አውቀዋለሁ» አሉ።

ከዚያ በኋላ የእኛ ሥራ ምሰሶ ሆነ። ሁለት ሳምንት አንዲት ምሰሶ፣ ከዚያ ሁለት፣ ከዚያ ሦስት። ጠያቂው በደህና ቀን እንደሚበዛ በክፉ ቀንም አይቀርም፤ ስለዚህ አዮም አይቀሩም። እኔ ከሥራ ስመለስ ሁልጊዜ መንገድ ላይ አገኛቸዋለሁ። አንዴ ጩኮ ካመጣች ሴት ጋር ይሸኛኛሉ፤ አንዴ ሁለቱም ማን ማንን እንደሚሸኝ ረስተው መሐል ላይ ቆመው ይሟገታሉ። «ሱታ፣ ሱታ» ይላሉ ሴቶቹ፤ ቀስ፣ ቀስ ማለት ነው።

የተቆጣው ልጃቸው ነው። አንድ ቀን መንገድ ላይ አስቆመኝ። «ሰው እኔን ምን ይለኛል? ፈረስና ጋሪ እያለኝ እናቴን በእግሯ የማስኬድ!» አለኝ።

እኔም ጠባዬ ነውና «ጋሪውን ፈረሱ ይጎትተዋል። የእናትህን ወገብ ማን ሊጎትትልህ ነው?» አልኩት። ሁለት ሳምንት አኮረፈኝ። በሦስተኛው ሳምንት ግን በረንዳው ላይ ተቀምጦ እናቱ ስንተኛው ምሰሶ ላይ እንደደረሱ በዓይኑ ሲቆጥር ያዝኩት።

አንድ ጠዋት እኔና አዮ አንዲት የጎባ እንግዳ ሸኝተን የመጨረሻዎቹን ቤቶች አለፍን። እዚያ ላይ ቤቱ ያልቅና የስንዴው ማሳ ይዘረጋል፤ ከማሳው ወዲያ ደግሞ የሳነቴ ተራራ ከዳር እስከ ዳር ይታያል። ያን ቀን ደመና አልነበረም። ጫፉ ላይ ውርጭ ያረፈበት ይመስላል፤ ፀሐይ ነክታው ያበራል። እኔ በየቀኑ ስለማየው ማየቱን ትቼዋለሁ። አዮ ግን ቆሙ። ሦስት ዓመት ጣሪያ ሲያዩ የኖሩ ሰው ናቸው። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው «አለ እንዴ!» አሉ። ቆይተው ደግሞ «ሱብሃነላህ፤ እኔ ተኝቼ እሱ እዚሁ ቆሞ ነበር?» አሉ። እኔም ያን ቀን ተራራውን እንደ አዲስ አየሁት። ይህን የሚያህል ነገር ከቤታችን ከሃያ ምሰሶ በማይበልጥ ርቀት ላይ ነበር ማለት ነው።

ደስታው ግን አጠፋን። በዚያው ሳምንት የድሮ የቅቤ ገበያ ጓደኛቸው ስትመጣ፣ ደህና መሆናቸውን ሊያሳዩአት እኔ በሌለሁበት ማሳዎቹን አልፈው ሸኟት። ሲመለሱ በልጃቸው ጋሪ ተጭነው ነው የመጡት። አራት ቀን መዞር አቅቷቸው ተኙ። በአራተኛው ቀን አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ክረምቱ ገብቶ ነበር፤ ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ ይወርዳል።

«እውነቱን ንገሪኝ» አሉኝ። «ይህ ሕመም ይለቀኛል?»

ጤና ጣቢያ ውስጥ ለዚህ ጥያቄ የምንሰጠው መልስ አለን፤ ይሻልዎታል፣ አይዞዎት እንላለን። ለአዮ ግን መዋሸት አልቻልኩም። «ላይለቅዎት ይችላል» አልኳቸው። «ሊቀንስ ይችላል፤ ጨርሶ ላይለቅ ግን ይችላል። እኔ የማውቀው አንድ ነገር ነው፤ በደህናው ቀን አያብዙ፣ በክፉው ቀን አይቅሩ።»

ዓይናቸውን ጨፈኑ። የገደልኳቸው መሰለኝ፤ ምላሴን ረገምኩት። ዝናቡ ጋብ አለ። ከዚያ ጋቢያቸውን ገለጥ አደረጉ።

«እኔ እኮ እስኪለቀኝ ነበር የምጠብቀው» አሉ። «የማይለቀኝ ከሆነ ተኝቼ ምን እጠብቃለሁ? እጅሽን ስጪኝ።»

ተነሱ። በር ድረስ ሄደን ተመለስን። ስምንት ወይም ዘጠኝ እርምጃ ቢሆን ነው። ግንባራቸው ላይ ላብ ችፍ ብሎ፣ ከንፈራቸውን ነክሰው፣ እጄን እስኪያመኝ ጨብጠው ነው የተራመዱት። እኔ ብዙ ሰው ሲወለድ አይቻለሁ፣ ሲሞትም አይቻለሁ። እንደዚያ ሆኖ የሚሄድ ሰው ግን አላየሁም ነበር። ተስፋ አግኝቶ መሄድ ማንም ያውቅበታል። እኚህ ሴት ግን የያዙትን ተስፋ እኔው ቀምቻቸው ነበር፤ ያም ሆኖ ሄዱ። ክፍሌ ገብቼ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

ክረምቱን በጭቃው ምክንያት በረንዳው ላይ ስንመላለስ ከረምን። ጠያቂው በዝናብም ይመጣል፤ በረንዳው ጫፍ ድረስ ይሸኛል። መስከረም ሲጠባ ወደ ምሰሶዎቹ ተመለስን፤ እንደገና ከአንዲት ጀምረን። ስንዴው ሲደርስ ኮምባይነሮቹ መንገዱን ሞልተው ሲያልፉ፣ አዮ ምሰሶ ተደግፈው አቧራው እስኪያልፍ ይቆማሉ። ረመዳን ሲገባ የሚሄዱት ከዓስር ሶላት በኋላ፣ ፀሐይ ሲበርድ ሆነ። የአልጋውን ጠርዝ ይዘው ጉልበታቸውን ማጠፍ ጀመሩ። አንድ ቀን ታጥፎ ግማሽ ደረሰ። ሌላ ቀን ከዚያ ትንሽ ወረደ። መሬት ግን አልደረሱም። እኔም ይሞክሩ አላልኳቸውም፤ ፈርቼ።

ኢዱ በዚያ ዓመት ከአጨዳው በኋላ ዋለ። ሶላቱ የሚሰገደው ከከተማው ዳር ባለ ሜዳ ላይ ነው። ልጃቸው ፈረሱን አሳጥቦ፣ ጋሪውን አልብሶ በር ላይ አቆመው። አዮ አዲስ ልብሳቸውን ለብሰው ወጡና ፈረሱን አንገቱን ዳስሰው አለፉት። ልጁም የሚቀመጡበትን በርጩማ ይዞ ከኋላቸው ተከተለ። እኔም ተከተልኩ። በየደጁ ሴቶች እየወጡ ተቀላቀሉን፤ ሦስት ዓመት ወተት ያመላለሱት ሴቶች ሁሉ ማለት ነው። ሜዳው ስንደርስ ሃምሳ ያህል ሳንሆን አንቀርም።

እኔ ከመንገዱ ዳር ከሌሎች ክርስቲያን ጎረቤቶች ጋር ቆምኩ። የሜዳው ሣር ውርጭ እንዳዘለ ነው። ያ ሁሉ ሰው፣ ከፊት ወንዶቹ ከኋላ ሴቶቹ፣ በአንድ ድምፅ ይንቀሳቀሳል። ሰው ሁሉ ለሱጁድ ግንባሩን መሬት ሲያስነካ፣ በሴቶቹ ረድፍ መሐል አንድ ሰው ብቻ በርጩማ ላይ ቀና ብለው ቀሩ። አዮ ናቸው። አንገታቸውን ደፉ። እንደገና ሁሉም ወረደ፤ እንደገና ብቻቸውን ቀሩ። ዓይኔን መለስኩ። ማየት አልቻልኩም።

ሶላቱ አልቆ ሰው ሁሉ ኢድ ሙባረክ እየተባባለ ሲተቃቀፍ ነው ዞሬ ያየሁት። በርጩማው ብቻውን ቆሟል።

እንዴት እንደሮጥኩ አላውቅም። ምንጣፎቹ ጋ ስደርስ ጫማዬን ከእግሬ ነቅዬ በሴቶቹ መሐል ሰንጥቄ ገባሁ። አዮ መሬት ላይ ናቸው። ወድቀዋል ብዬ ጮህኩ። አልወደቁም። ጉልበታቸው ታጥፏል፣ መዳፋቸው ተዘርግቷል፣ ግንባራቸው ከምንጣፉ ጫፍ አልፎ ርጥቡ ሣር ላይ አርፏል። ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። ልጃቸው ከወንዶቹ ረድፍ ደርሶ አጠገባቸው ቆሟል፤ ሊነካቸው ፈርቷል።

ተንበርክኬ ጆሮዬን አፋቸው አጠገብ አደረስኩ። «አዮ፣ ያምዎታል?»

«በጣም» አሉኝ።

«ላንሳዎት?»

«ተይኝ፣ ልጄ» አሉ፣ ከንፈራቸው ሣሩን እየነካ። «ናፍቆቴን አልጨረስኩም።»